የፊት እግር ነው የኋላ?

ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አውቶቡሱ ግን ከእሱ አልወጣም። ከተማ ውስጥ በአንድ መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው እንዲህ በቀላሉ ከመሪ አይለይም። ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ልጁ ጠባብ ፎቅ ቤት ስትገባ ውሻዋን ለወላጆቿ ትታ ሄደች፤ እግሩ አጭር፣ ጆሮው ረጅም፣ ቡናማ ውሻ ነው። ሾፌሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያጠናው ከርሞ «ረዳት» የሚል ስም አወጣለት። ቀድሞ ይሮጣል፣ መንገዱን ያያል፣ ተመልሶ ይመጣና ያለ ምንም ምክንያት ይጮኻል። በር ላይ መንጠልጠል ብቻ ነው የቀረው።

ሚስቱ ባዮሎጂ ስታስተምር የኖረች ናት፤ ሰፈሩ «ቲቸር» ይላታል፣ ባሏም ጭምር። ክረምት ላይ የቤታቸው ደረጃ ዝናብ ጠጥቶ ሲያሙለጨልጭ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፣ አጥንቱም ገጠመ። ያልገጠመው ድፍረቷ ነው። በከዘራ ከአልጋ እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ መስኮት ትሄዳለች፤ ከበር ውጪ ግን አንድም እርምጃ የለም። ሐኪሙ ባለፈው ቀጠሮ ሾፌሩን ኮሪደር ላይ ለብቻው አቁሞ፣ «ጸደዩ ሳያልቅ ውጪ መራመድ ካልጀመረች ጡንቻው ይሟሽሻል። ከዚያ በኋላ ብትፈልግም እግሩ እሺ አይላትም» አለው።

ሾፌሩ ይህን ለሚስቱ አልነገራትም። ለምኗታል፣ ተቆጥቷታል፣ አንድ ቀን ደግሞ እሸከምሻለሁ ብሎ የራሱን ወገብ ሊሰብር ነበር። መልሷ አንድ ነው፦ «ደረጃውን ሳየው የወደቅኩባት ቀን ትመጣብኛለች፤ ተወኝ።» በመጨረሻ ተዋት፤ መፍራቱን ግን አልተወም።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከረዳት ጋር ብቻውን ይወጣል። መቼም ጸደይ ሲገባ ገጠር ዳር መኖር መታደል ነው። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን የሚያወጣው ሰው እንዳያየው የተሽቀዳደመ ይመስላል፤ ትናንት ጭራሮ የነበረው ዛሬ አረንጓዴ ነው። ረዳት ሣሩ ውስጥ ሲገባ ከጆሮው በቀር አይታይም። ሾፌሩ ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ እንጂ የመንገድ ዳር አይቶ አያውቅም ነበርና ሁሉም ነገር አዲስ ሆነበት። በስልሳ ሁለት ዓመቱ ጥንዚዛ ለማየት ይንበረከካል። ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታው የሚቆረጠው መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ሚስቱ ትዝ ስትለው ነው።

ራሷ ያየችው እንዲመስላት ብሎ ሪፖርት ማቅረብ ጀመረ። የመነሻ ሰዓት፣ የደረሰበት ፌርማታ፣ የታየ ነገር፤ ልክ እንደ ድሮው የጉዞ መዝገብ በደብተር ይጽፋል። ፌርማታዎቹም ሦስት ናቸው፦ ወፍጮ ቤቱ፣ የወደቀው ግንድ እና ድልድዩ ሥር ያለው ኩሬ። ቲቸር ደብተሩን ተቀብላ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። «ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ቢጫ አበባ፤ ትርፍ ጭኗል» ብሎ ከጻፈ፣ «ስንት ቅጠል?» የሚል ቀይ ጥያቄ ይሰፍርበታል። «ወፍራም ዳክዬ» ያለው ዝይ ሆኖ ተገኘና ከአሥር አራት አገኘ። አንድ ቀን ደግሞ «ለስላሳ ቅጠል» ብሎ በእጁ ቆርጦ ያመጣላት ሳማ ነበር። ጣቶቹ አብጠው ሲገባ ቲቸር እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበርና፣ እሱ እጁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ነገሩ የከረረው በእንቁራሪት ነው። ኩሬው ውስጥ ጭንቅላታቸው ትልልቅ የሆኑ ጥቋቁር «ዓሦች» አይቶ ነበር፤ ቲቸር ዓሣ ሳይሆኑ የእንቁራሪት እጭ መሆናቸውን ነገረችው። በየቀኑ ዕድገታቸውን እንዲከታተል አዘዘችው፣ እሱም ተከታተለ። ታዲያ አንድ ጠዋት ሰተት ብሎ ገባና፣

«ቲቸር፣ እግር አወጡ! የፊት እግራቸው ወጥቷል» አላት።

«የኋላ እግራቸው ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«የፊት ነው።»

«አንተ ሰው፣ የኋላ እግር ነው ቀድሞ የሚወጣው። ስንት ዓመት ነው ያስተማርኩት?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ቆሜ አይቻለሁ፤ የፊት ነው።»

ቲቸር መነጽሯን አወለቀች። ተማሪዎቿ ይህን ሲያዩ ጸጥ ይሉ ነበር። «እንግዲያው አንዱን በብርጭቆ ይዘህልኝ ና።»

በማግስቱ የማር ብልቃጥ ይዞ ሄደ፤ አንዱን እጭ ከነውኃው ቀዳ። ሲመለስ ግንዱ ጋ የጫማው ክር ተፈታበትና ብልቃጡን መሬት ላይ አስቀመጠ። ክሩን አስሮ ቀና ሲል ረዳት አፉን እየላሰ ነው፤ ብልቃጡ ባዶ።

«ማስረጃውን ጠጣው» አላት ቤት ገብቶ፣ ባዶውን ብልቃጥ እያሳያት።

ቲቸር ውሻውን አየች፣ ብልቃጡን አየች፣ ባሏን አየች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የሣለችውን ነገር አንድ አውቶቡስ ነጂ ሊያፈርስባት ነው! ፊቷ ቀላ። «ጫማዬን አምጣ» አለች።

ሾፌሩ የሰማውን አላመነም። ሐሳቧን ሳትቀይር ብሎ ሮጦ ጫማዋን አመጣና አጠለቀላት። መመለሻው እንዳይከብዳት ለጎረቤታቸው ለአናጢው ደወለና፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በመኪናው ድልድዩ ጋ እንዲመጣ ለመነው።

ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቲቸር ቆመች። ክንዱን ጨብጣ ያዘች። አንዱን ደረጃ ወረደችና እዚያው ቀረች። ረዳት ታች ሆኖ ይጠብቃል።

«አይዞሽ» አለ ሾፌሩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«አዎ፣ በኋላ እግሩ!» አለችና ሁለተኛውን ወረደች።

እሱ በአሥራ ሁለት ደቂቃ የሚሄደው መንገድ አርባ አምስት ፈጀ። በየፌርማታው አረፉ። ረዳት እንደ ልማዱ ቀድሞ ይሮጥና ዘወር ብሎ ሲያያቸው ሩቅ ናቸው፤ ተመልሶ ይመጣል። ከግንዱ ወዲያ ግን መሮጡን ተወና ከዘራዋ አጠገብ በእሷ ልክ ማዝገም ጀመረ። ሾፌሩ መንገዱን ሁሉ ላብ አጠመቀው፤ እሷ ሳትሆን እሱ የተሰበረ ይመስል ነበር።

ኩሬው ጋ ሲደርሱ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ቲቸር ወደ ውኃው ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«የታል የፊት እግር?»

«ይኸውልሽ! ከጭንቅላቱ አጠገብ። ያ ሁሉ አካል ከኋላው ተርፎ የለ?»

«እሱ እኮ ጅራት ነው።»

«ጅራት ይሁን፣ ተሽከርካሪው ከነጅራቱ ነው የሚለካው። ከሾፌሩ አጠገብ ያለ ጎማ የፊት ጎማ ነው።»

ቲቸር ሳቋ ፈነዳ። «ጅራቱ ነገ ይጠፋል፣ የኔ ጌታ። ያኔ ጎማህ የት ሊሆን ነው?»

ሾፌሩ አሰበበትና እጁን ሰጠ። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

«ዳግመኛ በዓይኔ አላያቸውም ብዬ ነበር» አለች።

«እኔም ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ…»

«ሰምቼዋለሁ። በሩ ክፍት ነበር። ብሰማም እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሾፌሩ ጎኗ ተቀመጠና ትከሻዋን አቀፈ። አናጢው እስኪመጣ ገና አሥር ደቂቃ አላቸው። ረዳት ድልድዩን ተሻግሮ መንገዱ ወደሚታጠፍበት እያየ ጅራቱን ይቆላል።

«ከዚያ ኩርባ ወዲያ ምን አለ?» አለች ቲቸር።

«አላውቅም።»

«ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ እየመጣህ?»

«እዚህ ደርሼ ነው የምመለሰው። አንቺ ቤት ቁጭ ብለሽ እየጠበቅሽኝ እንዴት ብዬ ልለፍ?»

ቲቸር ከዘራዋን ተደግፋ ተነሣች፤ በሌላው እጇ ክንዱን ያዘች።

«ዛሬ ቤት ማንም የለም» አለችው።