የተሰረዘው ሦስተኛ መስመር

ዲሊያ ጎሃንና ታላቅ ወንድሟ ፓኪ የማይጨቃጨቁበት ነገር አልነበረም። ሻዩ ቀጠነ፣ ድመቷ ጠገበች፣ ራዲዮኑ ጮኸ፤ በቃ፣ ሁለት ያላገቡ ሽማግሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ እንዲህ ነው። የዚያ ሳምንት ጠብ ግን የምር ነበር። ዓርብ ድንጋይ ጠራቢው ይመጣል። በወላጆቻቸው መቃብር በሚቆመው አዲስ ድንጋይ ላይ የሚቀረጹትን ስሞች ጽፈው ሊሰጡት ይገባል፤ ዲሊያ የበኩር ወንድማቸው የኦስቲን ስም ይግባ ትላለች፣ ፓኪ በጄ አላለም።

ኦስቲን በ1910 መኸር፣ ድንቹ ተቆፍሮ እንዳለቀ፣ «ድንጋይ ብቻ የሚያበቅል መሬታችሁን ያዙት» ብሎ ከአባቱ ተጣልቶ ወደ ስኮትላንድ የሄደ ልጅ ነው። እዚያው የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሞተ፤ መቃብሩን የሚያውቅ የለም። ዲሊያ ከዚያ በኋላ ስለተወለደች ዓይኑን አላየችም። አባቷም እስኪሞት ድረስ ስሙን ሲያነሳ ሰምታ አታውቅም።

«አባባ የማይፈልገውን ሰው ራስጌው ላይ አልቀርጽበትም» አለ ፓኪ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፖሊሱ የ1911ን የሕዝብ ቆጠራ ወረቀት ሊሰበስብ የመጣ ቀን ማገዶ ታቅፌ በሩ ላይ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነው። አባባ ጠረጴዛውን በጡጫ መትቶ ‹ሰርዘው! ሰርዘው አልኩህ!› አለ።»

«ማንን እንደሆነ በምን አወቅህ?»

«ድመቷን ይሆናላ! ደግሞስ ያንቺው ደብተር ምን ይላል? አንብቢልኝ እስቲ።»

ዲሊያ አርባ ዓመት ካስተማረችበት ትምህርት ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ የቤተሰቡን ታሪክ በወፍራም ደብተር ስትጽፍ ነው የኖረችው። የ1911ን ቆጠራ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ካለው በታይፕ ከተመታ ዝርዝር ገልብጣዋለች። ጎሃን ቤት አምስት ሰው፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ፓኪ። ኦስቲን የለም። የገዛ ደብተሯ መሰከረባት፤ ተናደደችም፣ አዘነችም።

ማክሰኞ ዕለት በአውቶቡስ ከተማ ወረደች። የሄደችው ለትንሽ ነገር ነው። በደብተሯ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ከየት እንዳገኘችው ትጽፋለች፤ የዚያኛው ገጽ የመዝገብ ቁጥር ግን ባዶ ቀርቶባት ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቀው ኮልማን ድሮ ተማሪዋ ነው። አሁን ራሱ ተመልጧል፤ እሷ ስትገባ ግን ዛሬም ብድግ ይላል።

«ቁጥሩን ልሰጥዎ እችላለሁ፣ ሚስ» አለ ደብተሩን እያየ። «ግን ያዩት ዝርዝሩን ነው ወይስ ገጹን?»

«ምን ለየው?»

ኮልማን ሳቁ አመለጠው። «ይቅርታ፣ ሚስ። ‹በዓይንህ ያየኸውን ነው ወይስ ሰው የነገረህን?› እያሉ ጆሮዬን የጎተቱት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ዝርዝሩን የመቱት ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ግን የመቱት የተቆጠረውን ሰው ብቻ ነው። ገጹን ካላዩ ገጹን ጠቅሰው አይጽፉም።»

ዲሊያ ፊቷ ቀላ። ደንቡ የራሷ ነበር። ኮልማን ገጾቹ ፎቶ የተነሡበትን ማይክሮፊልም መሣሪያው ላይ አስገብቶ አዞረላት፤ የሰፈሩ ቤቶች፣ የሞቱ ጎረቤቶች ሁሉ፣ በብርሃኑ ላይ እየተንሸራተቱ አለፉ። ከዚያ የአባቷ የእጅ ጽሑፍ መጣ።

ሌላውን ሁሉ ረሳችው። ያ ባርኔጣ የደፋ የሚመስለው ትልቁ ‹ኤ›! አባቷ እርሳሱን በምላሱ እያረጠበ፣ እሷን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ስሟን ሲያስጽፋት፣ የጃኬቱ እጅጌ ጭስና የበግ ሽታ ነበረው። እስከዚያች ቀን ድረስ ያ ሽታ እንደናፈቃት አታውቅም ነበር።

በወረቀቱ ላይ ያሉት መስመሮች ግን አምስት አይደሉም፤ ስድስት ናቸው። ከእናቷ ቀጥሎ፣ ሦስተኛው ላይ፣ በአባቷ እጅ፦ ኦስቲን፣ ልጅ፣ ሃያ አንድ ዓመት፣ ያላገባ። በላዩ ላይ፣ በሌላ ቀለም፣ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር። በዳርቻው ላይ ደግሞ በፖሊሱ ድርቅ ያለ ጽሑፍ፦ «በዚያች ሌሊት በቤቱ ያልነበረ።»

«የሚቆጠረው በዚያች ሌሊት ቤቱ ውስጥ ያደረ ብቻ ነበር» አለ ኮልማን ቀስ ብሎ። «አባትዎ ግን ጽፈውታል፣ ሚስ።»

ዲሊያ መነጽሯን አውልቃ አለቀሰች። ተማሪዋ ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አላፈረችም።

ያን ምሽት ፓኪ ዲሊያ ያመጣችውን የገጹን ኮፒ እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። መጀመሪያ ያገኘው የራሱን ስም ነው።

«ዘጠኝ? እኔ መቼ ነው ዘጠኝ የሆንኩት? ሰባት ነበርኩ!»

«ከእማማም ላይ ስድስት ዓመት ቀንሶላታል። የማናችንንም ዕድሜ አያውቅም ነበር፣ አንተ ሰው። ወደ ላይ እይ።»

ፓኪ ጣቱን ወደ ላይ ወሰደ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«ኦስቲን ሲሄድ ሃያ ዓመቱ ነበር» አለች ዲሊያ። «ልደቱ መጋቢት ላይ፣ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ዕለት ነው። ቆጠራው ደግሞ ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት። አባባ ሃያ አንድ ብሎ ጻፈው። የእሱን ዕድሜ ብቻ አልሳተም።»

ማገዶው ተደርምሶ አመዱ ቦነነ፤ አንዳቸውም አልተነሱም።

«ያን ቀን አባባ ጀርባውን ነበር የሰጠኝ» አለ ፓኪ። «ፊቱን አላየሁትም። ፖሊሱ ‹ቤት ውስጥ አድሯል ወይ?› እያለ ደጋግሞ ይጠይቀዋል፤ አባባ ‹አልጋው ያውና› ይለዋል። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ከዚያ ነው ‹ሰርዘው› ያለው። ወዲያው ወጥቶ በረት ገባ፤ እስከ ማለቢያ ሰዓት አልተመለሰም። ላም እየወለደች መስሎኝ ነበር።»

«ወልዳ ነበር?»

«በዚያ ወር የወለደች ላም የለችም። ሰባ አራት ዓመት፣ ዲሊያ። ሰባ አራት ዓመት ያን ልጅ ከቤቱ አስወጥቼ ኖርኩ።»

እጁን ያዘችው። ከልጅነታቸው ወዲህ የያዘችው አይመስላትም።

ትንሽ ቆይቶ ለጠራቢው የሚሰጠውን ወረቀት አስመጣ። ከአባታቸውና ከእናታቸው ስም ቀጥሎ፣ ከሞቱት ሁለት እኅቶቻቸው በላይ፣ «ኦስቲን» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የዲሊያን ደብተር በአገጩ አመለከተ።

«እዚያስ እንዴት ነው የምትጽፊው?»

«እንዳለ ነው የሚጻፈው። ሦስተኛ መስመር፤ ኦስቲን፣ ልጅ፣ ሃያ አንድ ዓመት። በአባቱ እጅ የተጻፈ፣ በሌላ ቀለም የተሰረዘ። ገጹን ራሴ አይቼዋለሁ።»

«ደንቡ ከሆነ ይሁን» አለ ፓኪ፤ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ለጠራቢው ግን ንገሪው፤ ድንጋዩ ላይ ስሙን የሚሰርዝ መስመር የለም።»