ከወተቱ ሌላ

ሰርካዲስ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ላይ ኮረሪማ ስትሸጥ አታሎ የሚያልፋት ሰው የለም፤ የገዛ ልጇ ትሁት ግን ዓመት ሙሉ አታለለቻት። «ትምህርት ቤት በልቻለሁ» ትላለች። ጾም ሲገባ «ጾም ነው» ትላለች፣ ሲፈታም አትበላም። ነገሩ የጀመረው አጎቷ ከፈለኝ፣ ያ አፉ እንደ ቡና መፈልፈያ የማያርፈው የቴፒ ነጋዴ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት «ይቺ ልጅ በርሜል ሆነች እኮ! ማን ሊያገባት ነው?» ብሎ ካሳቀባት ቀን ነው። እናት ተብዬዋም አብራ ስቃለች።

ልጅቷ ክፍል ውስጥ ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ልብሷን ሲያወልቁላት ሰርካዲስ ጉዷን አየች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ክንዷ ላይ እንደ ጨቅላ ልጅ ስስ ጸጉር በቅሏል፣ የራሷ ጸጉር ደግሞ በእጅ ሲነኩት ይወጣል። በዚያ ሙቀት ጣቶቿ በረዶ ናቸው። የወር አበባዋም ከቀረ ቆይቷል።

«ሰውነቷ ምግብ ሲያጣ የገዛ ጡንቻውን ነው የበላው» አለ ዶክተር ኢዮሲያስ። «ልቧም ደክሟል።»

ነርሷ ሐፍሳ በትንሽ ኩባያ ወተት እየለካች ታጠጣት ጀመር። «እማማ፣ ከዚህ ሌላ ምንም እንዳይሰጧት» ብላ አስጠነቀቀች። «ክፉኛ የተራበ ሰው ድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ይዛባል፣ ልብ ቀጥ ሊል ይችላል። ቀስ እያልን ነው የምንጨምረው።»

«እሺ ልጄ» አለች ሰርካዲስ። ገብቷት ነው? ኧረ ምኑ ይገባታል! ባለመብላት ለታመመች ልጅ ምግብ መከልከል ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትሁት ዓይኗን ገልጣ «እማ፣ ራበኝ» አለች። እናት ይህን ቃል ለመስማት ስንት ስለት ተስላለች! እንባዋን ሳትጠርግ ከፈለኝ ቅቤ የዋጠ ገንፎና የማሻ ማር ይዞ ከተፍ አለ።

«ይሄ ለጥጃ የማይበቃ ወተት ነው ሕክምናው?»

«ጋሼ፣ ነርሷ እኮ…»

«ነርሷ ናት የወለደቻት? ራበኝ እያለችሽ! ነገ ሰው ምን ይላል? ማጉረስ ሰስታ ልጇን ገደለች ነው የሚልሽ!»

ይቺ ቃል አንጀቷ ውስጥ ገባች። ነርሷ ሌላ ክፍል ውስጥ ናት። ሰርካዲስ ገንፎውን ማር አስነክታ አጎረሰቻት፤ ትሁትም ዋጠች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብሎ ከፈለኝ ሁለተኛውን በራሱ እጅ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ማን ይቁጠር? ትሁት እየሳቀች በላች። ሰርካዲስ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች፣ የልጇን ግንባር ትስማለች፣ ደግማ ታጎርሳለች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ከፈለኝ በነጠላዋ ጠቅልሎ ደበቀው።

በማግስቱ የትሁት እግር አብጦ ነበር። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ሰው መለየትም ተስኗታል። ዶክተር ኢዮሲያስ እየሮጠ መጣ።

«እናት፣ ከወተቱ ሌላ የበላችው ነገር አለ?»

ሰርካዲስ አፏን ከፈተች። ከፈለኝ ከኋላ ክንዷን ጨመቀው። ሐፍሳ ቆማ ታያታለች። ያኔ ራሷ «እሺ ልጄ» ብላ የመለሰችላት ሐፍሳ! አፍራ አንገቷን ደፋች።

«ኧረ ምንም!» አለች። «በማርያም፣ ምንም!»

ሐኪሙ አመናት። የእናት መሐላ ማን ይጠረጥራል? ወባ ይሆናል ብሎ ደም አስወሰደ፣ የሳንባ ምች ይሆናል ብሎ ደረቷን አዳመጠ። ሰርካዲስ አልጋው ግርጌ ቆማ ሁሉንም አየች። አሁን ልናገር ትላለች፣ ደግሞ ይሻላት ይሆናል ትላለች። ረፋዱ እንዲሁ አለፈ። ልጅቷ አንዴ ተንዘፈዘፈችና ጸጥ አለች። ደረቷን ቢጫኑ፣ ቢጫኑ፣ አልተመለሰችም።

አንሶላው ፊቷን ከሸፈነው በኋላ ነው ሰርካዲስ መሬት ላይ ተደፍታ «ገንፎ አብልቻት ነበር! ማር አብልቻት ነበር!» ብላ የጮኸችው። ከፈለኝ ዞር ብሎ ወጣ።

ዶክተሩ አልተቆጣትም። አጠገቧ በርከክ ብሎ «ጠዋት ስጠይቅዎት ቢነግሩኝ ኖሮ የደሟን ማዕድን የሚያስተካክለው መድኃኒት እዚሁ ነበር» አላት።