እጁን የማያነሳው ዴልሮይ

ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት የአሜሪካ ፉትቦል የዴልሮይ ግሬሻም ሥራ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው። ተጋጣሚው ኳሷን ወደ ሰማይ ሲጠልዛት እሱ ወዲያ ማዶ ቆሞ ይጠብቃታል። እጁን ከፍ አድርጎ ካውለበለበ ማንም አይነካውም፤ እሱም መሮጥ አይችልም። ካላነሳ ደግሞ ቀልቧት ይሮጣል፤ እነዚያ በሬ የሚያካክሉ ጎረምሶች ከፊት ይመጡበታል። ይሄ ሥራ ነው ወይስ እብደት? ዴልሮይ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሲጫወት እጁን አንስቶ አያውቅም። በተወለደባት የሉዊዚያና የሸንኮራ አገዳ ከተማ የሚያውቁት በዚሁ ነው። ስሙም እንጀራውም ይኸው ነበር።

ባለፈው የገና ሰሞን ግን ሁለት ሰዎች መሃል አስገብተው ደቆሱት። ተነሳ፣ ሣሩን ከልብሱ አራገፈ፣ ሄዶም የተጋጣሚዎቹ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ስታዲየሙ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀና "የእነሱ ውሃ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው" አለ። ሐኪሙ መርምሮ ደህና ነህ አለው። ሚስቱ ይቮን ብቻ አልሳቀችም።

"ዴል፣ እውነቱን ንገረኝ። የራስህ ወንበር መስሎህ ነው?"

"አንቺ ደግሞ፣ ቀልድ ነው አልኩሽ እኮ።"

ዋሽቷል። መስሎት ነበር።

ዛሬ የነሐሴው የመጨረሻ የሙከራ ጨዋታ ነው። ቦታው አንድ፣ ፈላጊው ሁለት፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ዴልሮይና ገና ከኮሌጅ የወጣው ታይሪ። ጠዋት ይቮን እንቁላሉን እያቀረበችለት "እጅህን አንሳ ማለቱ ሰልችቶኛል። መጥቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ" አለችው። መልበሻ ክፍል ደግሞ ታይሪ ጠበቀው።

"ሽማግሌው፣ ጉልበትህን ቅባት ልቀባልህ?"

"መጀመሪያ አንተ የጫማህን ክር ማሰር ተማር።"

ዴልሮይ ወደ ሜዳ ሲወጣ አሰልጣኙ ፕሩዶም ክንዱን ያዝ አደረገው። "አንድ ጥሩ ሩጫ አሳየኝና ቦታው ያንተ ነው" አለው።

ኳሷ ተጠለዘች፤ ከፍ ብላ መውረድ ጀመረች። ዴልሮይ ከሥሯ ቆሞ ሳለ የትኛው ወገን የእሱ እንደሆነ ድንገት ጠፋበት። የለበስነው ነጩን ነው ወይስ ሰማያዊውን? ወዲያው ተመለሰለት፤ ግን ፈራ፣ ክፉኛ ፈራ። ሳያስበው እጁ ተነሳ።

ኳሷን ቀልቦ ቀና ሲል ተጋጣሚዎቹ እርስ በርስ ተደነቃቅፈው ወድቀዋል። በግራ በኩል ሜዳው እስከ ጫፍ ድረስ ባዶ ነው፤ አሮጊት በከዘራ ብትሄድበት ትደርሳለች። ኳሷን ለዳኛው ሰጥቶ ወጣ።

"መንገዱን አላየኸውም?" አለው ፕሩዶም።

"አየሁት፣ ኮች።"

"ታዲያ?"

"የገናው ቀልድ ቀልድ አልነበረም። ዛሬም መጣብኝ።"

ፕሩዶም ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። "ለሐኪሙ ትነግረዋለህ። አብሬህ እገባለሁ" አለው ቀስ ብሎ። ከዚያ ዞር አለ። "ታይሪ፣ ተዘጋጅ፤ የሚቀጥለው ያንተ ነው።"

በቃ፣ አለቀ። ዴልሮይ አለቅሳለሁ ብሎ ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም። የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ ሜዳው ዳር ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ኳሷ እንደገና ወደ ላይ ወጣች። ታይሪ ከሥሯ ሆኖ አንጋጠጠ፤ እነዚያ በሬዎች ወደ እሱ ግር ብለው ይመጣሉ።

"አንሳ እጅህን፤ አንሳ" ሲል ዴልሮይ የራሱን ድምፅ ሰማ።

ታይሪ አላነሳም። ቀልቦ ተፈተለከ። ስታዲየሙ ብድግ ብሎ ይጮኻል፤ ዴልሮይ ግን ማየት አቅቶት ዓይኑን ጨፈነ። እዚያ ውስጥ ሲሮጥ በኖረበት ዘመን እንዲህ ያለ ጭንቅ ደርሶበት አያውቅም። ይቮን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ የተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጣ የቻለችው ይህን ነበር።