አንድ ዓመት ለዴልበርት ኦዶም

ኤልዊን ፕራስኪ ከዴልበርት ኦዶም ቤት ደጃፍ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ካጠፋ ቆይቷል፤ መውረዱ ግን አቃተው። የሚልዋኪ ከተማ መጋቢት እንደ ልማዱ ነው፤ በረዶው መንገድ ዳር ጠቁሮና ተኮማትሮ አልሄድም ብሏል። ኤልዊን የሚናገረው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፦ «ዴል፣ ውልህን አናድስም።» ይህችን ለማለት ይሄ ሁሉ ጭንቀት ምንድን ነው? የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው እኮ! ስንቱን አሰናብቶ የለም እንዴ!

በአሜሪካ እግር ኳስ የሚሉት እግር እምብዛም የማይነካውን ሞላላ ኳስ ነው። የዴልበርት ቦታ ደግሞ ታይት ኤንድ ይባላል፤ ከመስመሩ ጥግ ቆሞ አንዴ ተቃራኒውን በደረቱ እየገፋ ለወገኑ መንገድ ይከፍታል፣ አንዴ ደግሞ ሮጦ ኳስ ይቀልባል። ግፋም ሩጥም የተባለ ሰው ጉልበቱ እስከ መቼ ይችላል? ዴልበርት ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ የሐኪም ቢላዋ አይተዋል። ውሉ የፊታችን ረቡዕ ያልቃል። አሰልጣኙ ሃስኬት ቁርጡን ተናግሯል፦ «ሰውየው አርጅቷል። ትሬሞን ሄይስ ይግባበት።» ትሬሞን ገና ሁለተኛ ዓመቱን የጨረሰ ጎረምሳ ነው። ሲሮጥ ማንም አይደርስበትም፤ ሲገፋ ግን ራሱ ይወድቃል። ኤልዊንም አወጣ አወረደና በሃስኬት ሐሳብ ተስማማ።

በዚህ ሙያ ክፉ ወሬ የሚነገርበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ቢሮ ነው። በማለዳ ስልክ ይደወልና «አለቃ ይፈልግሃል፤ የጨዋታ ደብተርህን ይዘህ ና» ይባላል፤ ያን የሰማ ተጫዋች ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ቤት ድረስ የሚኬደው ለማስፈረም ነው፣ አለዚያም ለሰርግና ለልደት። ኤልዊን ይህን ያውቃል። ግን አሥራ አንድ ዓመት አጥንቱን የሰበረላቸውን ሰው በስልክ ጠርቶ ማሰናበት አንጀቱ እምቢ አለው። «ፊት ለፊት፣ ቤቱ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ይህ ክብሩ ነው» ብሎ ተነሳ። የእሱ መኪና እዚያ ደጃፍ ስትታይ ምን ማለት እንደሆነ ግን ለአፍታ እንኳ አላሰበም። ደግነትም ሳያስቡ ከተነሱበት ጉድ ያፈላል።

ጉዱም ፈላ። እንደምንም ከመኪናው ወርዶ ገና ሳያንኳኳ በሩ ተበረገደ።

«ኤልዊን! ግባ ግባ፣ ብርድ ይገልሃል!» የዴልበርት ሚስት ቨርኔታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። ወዲያው ወደ ውስጥ ጮኸች፣ «አባዬ! ኤልዊን ነው! አላልኩህም?»

አባቷ ሉተር ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከሶፋው ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«መጣህ? እኔማ እነዚህ ሰዎች ዓይናቸው ጠፋ እንዴ ብዬ ነበር። ቁጭ በል። ለክፉ ቤት ድረስ አይመጣም፤ አይደል?»

ኤልዊን እጃቸውን ጨበጠ። «እ... እንዴት ከረሙ አባባ ሉተር?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ለአማቼ አንድ ዓመት ሲጨመርለት ለእኔም እኮ ተጨመረልኝ። አለዚያ እሁድ እሁድ ጨዋታ ማየት ቀርቶ ከዚህች ልጄ ጋር ገበያ ልዞር ነበር!»

ኤልዊን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ቨርኔታ ግን ኮቱን ከላዩ ላይ ገፍፋ ወስዳለች። የሁዳዴ ዓርብ ነበር፤ በዚያ ከተማ የሚጾመውም የማይጾመውም ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። «ሳትበላ ንቅንቅ አትልም» አለችው።

ዴልበርት ሽርጥ ታጥቆ ከማድቤቱ ብቅ አለ፤ በሩን ሞላው። «አለቃ» አለና ትንሽ ቆየት ብሎ አየው። ከዚያ «ቢራ ላምጣልህ?» አለው፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ከኋላው ድንች እየላጠ የነበረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ትሬሞን ሄይስ! ከጆርጂያ ግዛት ከመጣ ጀምሮ የዴልበርት ምድር ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። ኤልዊንን ሲያይ ቢላዋውን ጥሎ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ «እንደምን ዋሉ ጌታዬ!»

ማዕድ ቀረበ። ሉተር ቢራቸውን ብድግ አድርገው «ለዓይናሞች!» አሉ፤ ኤልዊንም ማየት የማይፈልግ ሰው ሆኖ ጠጣ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኤልዊን ሆድ ግን በሁለተኛውም ጠርሙስ አልተፈታም።

«እውነቴን ልንገርህ» አለች ቨርኔታ የድንች ቂጣ እየጨመረችለት፣ «እኔ እንዲያቆም የምፈልግ ሚስት ነበርኩ። ሌሊት ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ሲንቋቋ እሰማዋለሁ። ግን የጨረሰ ሰው ያስታውቃል፤ ዴል ገና አልጨረሰም። እንዲህ በልቡ እያለ ቢያስቆሙት የሚቀረኝ ባል አይመስለኝም።»

ኤልዊን ሹካውን አስቀመጠ። ራሱን ጠላ። በዚህች ሴት ማዕድ እየበላ ባሏን ሊያሰናብት ነው፤ ከዚህ የባሰ ውሸታም የት ይገኛል?

ተበልቶ ሲያልቅ ዴልበርት ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «ትሬ፣ ተነስ። ሳይጨልም።»

«ዛሬ እንግዳ አለ እኮ! ሆዴም ሞልቷል።»

«ሆድህ ሲሞላ ነው ዳሌህ የሚወርድልህ። ውጣ!»

በየምሽቱ እንዲህ ነው። ከጋራዡ ፊት ለፊት ተጋጥመው ቆሙ፤ የቀሩት በረንዳው ላይ ወጥተው ያያሉ።

«ዓይኔን አትይ፣ ደረቴን እይ። ዳሌህን ዝቅ!» አለ ዴልበርት፤ ተጋጩም። ትሬሞን ተንሸራቶ ወደቀ። ደገሙት፤ ደግሞ ወደቀ።

«እንዲህ ከሆነማ ቀሚስ ልግዛልህና መዘምራን ግባ!»

«ኧረ ዴል፣ የሰው ልጅ ነው፣ ለእናቱ ምን ብለን እንልካለን!» ሉተር ከበረንዳው ተሳለቁ።

ትሬሞን ጥርሱን ነከሰ። በሦስተኛው ዝቅ ብሎ ከሥር ገባ፣ ያን ግዙፍ ሰው ከመሬት ነቀለው፣ ተሸክሞም በረዶው ክምር ላይ በጀርባው ዘረረው። ቨርኔታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኤልዊን ግን በልቡ «በቃ፣ ሃስኬት ልክ ነው» አለ። ጎረምሳው አሸንፏል፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ከበረዶው ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

«አየህልኝ?» ዴልበርት ተንጋሎ እንደ ሕፃን ይንፈራገጣል፣ «አለቃ፣ ዳሌውን አየህልኝ? ይህን ሁሉ ጊዜ የለመንኩት ይህችን ነበር እኮ!» እያነከሰ ተነስቶ የትሬሞንን ጭንቅላት በሁለት እጁ ያዘና ግንባሩን ሳመው። «ከእንግዲህ ማንም አይችልህም! ማንም!»

ኤልዊን ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። እሱም በጎረምሳነቱ ታይት ኤንድ ነበር። ከፊቱ የነበረው አንጋፋ አንድ ነገር ሲጠይቀው «ሂድና እናትህን ጠይቅ» ይለው ነበር፤ የሚያውቀውን ሁሉ ቆልፎበት ኤልዊን ሳይማር በሁለተኛ ዓመቱ ተባረረ። ያ ቁስል እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘዋል።

ዴልበርት ሌሎቹን ወደ ቤት ሸኝቶ ሽርጡን አራገፈ። «እሺ አለቃ፣ አሁን ተናገር።»

«ምኑን?»

«የመጣህበትን ነዋ። መኪናህ ውስጥ መሪ ጨብጠህ ስትቀመጥ በመስኮት አየሁህ። ሊያስፈርም የመጣ ሰው ሮጦ ነው የሚወርደው።»

ኤልዊን ደነገጠ። «አውቀህ ነው? ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ቨርኔታ ደስ ብሏት አይተሃታል። እራቷን ትብላ ብዬ ነው። ትሬንም አንድ ነገር ቀርታው ነበር፤ ዛሬ ካላሳየሁት ነገ ምን አገባህ እባላለሁ።»

«ቦታህን እንደሚወስድ እያወቅህ?»

«ታዲያ ምን ላድርገው፣ ይዤው ልቀበር?»

ኤልዊን ቀና ብሎ «አንድ ዓመት እሰጥሃለሁ» አለ።

የዴልበርት ፊት ተከሰከሰ። «እንዳታዝንልኝ ኤልዊን። ለሚስቴ እንባ ብለህ ከሆነ ይቅርብኝ። ምጽዋት አልበላም።»

«ስማኝ። አላዘንኩልህም። አሁን ሲዘርርህ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከእንግዲህ አንደኛ አይደለህም። ትሬሞን ይሰለፋል፣ አንተ ከኋላው ትቆማለህ። ስትገባም ብርቱ ገፊ ሲቸግረን ነው። ይሄ ያምሃል፤ አውቃለሁ። ግን ጎረምሳ ሞልቶኛል። ተተኪው ሲጥለው ደስ የሚለው ሰው ግን በቡድኑ ውስጥ ከአንተ በቀር አንድም የለኝም፤ ይህን ሳላውቅ ላባርርህ ነበር።»

ዴልበርት ጉልበቱን አሻሸ። «ሃስኬትስ?» አለ።

ኤልዊን እዚያው ስልኩን አውጥቶ ደወለለት፤ የወሰነውንም ነገረው። የሃስኬት ጩኸት ለዴልበርትም ተሰማው፦ «ለቀብር ብልክህ ሰርግ ደግሰህ ትመጣለህ?»

«አዎ፣ አንተም ተጠርተሃል» አለው ኤልዊን። «ሰኞ ጠዋት እንጣላለን፤ እስከዚያ ደህና እደር።» ዘጋበት። ሃስኬት በዋዛ የሚለቅ ሰው አይደለም። ቢሆንም ከመኪናው ሲወርድ ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ የለም።

ተከታትለው ገቡ። «ፈረመ?» አሉ ሉተር።

«ሰኞ እፈርማለሁ፤ አንድ ዓመት» አለ ዴልበርት። ቨርኔታ ጮኻ ተነሳች፤ ደረቱ ላይ ተለጥፋ አለቀሰች። እሱም ጀርባዋን እያሻሸ «ግን ስሙ፣ ሁለተኛ ሆኜ ነው» አለ።

«ሁለተኛ?» ሉተር ተቆጡ። «አንተን የሚቀድም ደግሞ ማን ተወለደና!»

ትሬሞንም የያዘውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገው። በኤልዊን ፊት ሁልጊዜ የሚሽቆጠቆጠው ልጅ ደም ሥሩ ተገታትሮ «ጌታዬ፣ ይህ ነውር ነው!» አለ። «ከዴል በላይ የሚገፋ ሰው ከየት ልታመጡ ነው? ማነው አንደኛው? ስሙን ይንገሩኝ!»

መጀመሪያ ቨርኔታ ቀና ብላ አየችው፤ ቀጥለው ሉተር ቀስ ብለው ዞሩ፤ ዴልበርትም ፈገግ ብሎ አየው። ትሬሞን ማንን እንደሚያዩ ሊያጣራ ወደ ኋላው ዞረ፤ ከኋላው ከግድግዳው በቀር ማንም አልነበረም። ያኔ ገባው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ሲጀምር ዴልበርት መጥቶ አቀፈው።