በአንድ ጉተታ የተነሳው ሞተር

መካኒኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ለዚያ ለደከመ የውሃ መሳቢያ ሞተር መድኃኒቱን ይዞ ነበር፤ አዲስ ካንዴላ፣ ቀጭን ሽቦ፣ አንድ ጠርሙስ ንጹህ ቤንዚን። ሞተሩን በአደራ የተረከበው ታናሽ ወንድሙ በስልክ ስንቴ አልቅሶበታል፤ «አልነሳም አለኝ እኮ ጋሼ፣ ገመዱን ስጎትት ትከሻዬ ወለቀ!» እናታቸውም የጓሮ አትክልቷን በጀሪካን ላጠጣ ብላ ወድቃ ወገቧ ተጎዳ። ይኸው ዛሬም በረንዳው ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

መካኒኩ ወንድሙን አስከትሎ የመጋዘኑን በር ከፍቶ የሞተሩን ሸራ ገፈፈ። ሁለት ዓመት የተኛ ቤንዚን እንደ ሙጫ ረግቶ ነዳጅ ማሳለፊያውን ካርቡሬተር ይደፍናል፤ ዕድሜውን የፈጀበት ሥራ ነው። ታንኩን ሲከፍት ግን ትናንት የተቀዳ የሚመስል ቤንዚን ሸተተው። ካርቡሬተሩን ቢፈታው ውስጡ እንደ መስታወት ጠርቷል። የሞተሩ እግር ላይ የደረቀው ጥቁር ጭቃም የዚህ የቀይ አፈር ግቢ ሳይሆን የወንድሙ አማቶች እርሻ ጭቃ ነው።

ደሙ ፈላ። የእናት ልጅ እንዲህ ያደርጋል? ካርቡሬተሩን መልሶ ገጠመና ገመዱን አንዴ ሳበው። ሞተሩ ተነስቶ ግቢውን አናወጠው። ወንድሙ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

እናታቸው ከበረንዳው አጨበጨበች። «እሰይ! እጅህ ይባረክ! ይሄ ምስኪን ወንድምህ ስንት ለፋበት መሰለህ! እንዴት አድርገህ አዳንከው?»

መካኒኩ ዓይኑን ከወንድሙ ላይ ሳይነቅል ሞተሩን አጠፋው።

«አላዳንኩትም፣ እማዬ። ድሮም ጤነኛ ነበር።»