የቅዳሜው ብርድ ልብስ

በትዳር ዘመኑ አንዲት መሐረብ እንኳ አጥቦ የማያውቀው የሦስተኛ ፎቁ ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ፣ ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ በሕንፃው ጣሪያ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ የዘረጋ መሆኑን ለነዋሪዎች፣ ለጎረቤቶችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ በታላቅ ክብር እናስታውቃለን።

"ምን ነክቶህ ነው?" አለች ሚስቱ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

"ላግዝሽ ብዬ ነዋ።"

"እስከ ዛሬ የት ነበርክ?"

የት እንደነበረ አሳምራ ታውቃለች። ራዲዮ ላይ ነበር። ሰዓት ሠሪው ከልጅነቱ ጀምሮ የአማተር ራዲዮ ምርኮኛ ነው፤ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ ማይክሮፎኑን ጨብጦ፣ ባሕር ማዶ ካሉ ብጤዎቹ ጋር ስለ አየሩና ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወጋ ነው ዕድሜው ያለፈው። ከሁሉም የሚቀርበው "ደሴቱ" እያለ የሚጠራው የቀድሞ የመርከብ ወጥ ሠሪ ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም፤ ቅዳሜ ጠዋት በሞገድ ላይ ሳይገናኙ የቀሩበት ጊዜ ግን አልነበረም።

ነገር የተበላሸው ግቢ ካለው ቤት ወደዚህ ሕንፃ ሲዛወሩ ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ከልብስ ማስጫ በቀር ጣሪያው ላይ ምንም ነገር እንዳይዘረጋ ከልክሏል። አንቴና የሌለው ማሰራጫ ደግሞ ከባዶ ሳጥን አይሻልም። ሰዓት ሠሪው መስኮቱ ላይ ባንጠለጠላት ቁራጭ ሽቦ ወዳጆቹን እየሰማ፣ መመለስ ሳይችል ከረመ። ባለፈው ቅዳሜ የሰማው ግን ከወንበሩ አስፈነጠረው። ደሴቱ ደጋግሞ ጠራው፣ ጠበቀ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ ለሌሎቹ፣ "ወዳጃችን ሳያርፍ አልቀረም። በሚመጣው ቅዳሜ እናስበዋለን" አላቸው።

"ኧረ አለሁ!" ብሎ ጮኸ ሰዓት ሠሪው። የሰማው የፎቁ ጎረቤት ብቻ ነው።

ስለዚህ ገመዱ ገመድ አልነበረም። ነጭ ፕላስቲክ የለበሰ የመዳብ ሽቦ ነው፤ አንዱ ጫፉ ጣሪያው ላይ ካለው ምሰሶ ታስሯል፣ ሌላው ተሹለክልኮ በመስኮት ከማሰራጫው ገብቷል። እንዲህ ያለ ሽቦ ርዝመቱ ልክ ካልሆነ የላኩበትን ኃይል መልሶ ይተፋዋል። ሰዓት ሠሪው የሚስቱን የስፌት ሜትር አንስቶ፣ እየደጋገመ ዘርግቶ ለካና ቆረጠ። "ከፀጉር የቀጠነ ነገር ስለካ ነው የኖርኩት" እያለ ማሰራጫውን ቢከፍት፣ የሚተፋውን ኃይል የሚያሳየው የመለኪያው መርፌ ቀዩ ውስጥ ተሰነቀረ። ፈታ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠበቀ። መርፌው ወይ ፍንክች!

አርብ ረፋድ ላይ መርፌው በገዛ ፈቃዱ ልጥፍ ብሎ ተኛ። ሰዓት ሠሪው ጮቤ እየረገጠ ጣሪያ ቢወጣ፣ ሚስቱ አዲሱ ገመድ ላይ ያጠበችውን ብርድ ልብስ አስጥታበታለች። ማታ ላይ ብርድ ልብሱ ደርቆ ሲነሳ መርፌውም ቀዩ ውስጥ ተመለሰ። እሱም ጭንቅላቱን እያከከ አደረ።

"ሜትሬን የነካው ማነው?" አለች ሚስቱ ቅዳሜ ቁርስ ላይ።

"እኔ ነኝ። ምነው?"

"አይ፣ ጫፏ ተበልቶ ስለቆረጥኩት ከአስር ነው የምትጀምረው። ለክተህባት እንዳትሸወድ ብዬ ነው።"

ሻዩ ትን አለው። ሜትሯን በዘረጋ ቁጥር አስር አስር ሴንቲ ተበልቷል ማለት ነው! ሽቦው አጥሯል፤ እርጥቡ ብርድ ልብስ ደግሞ የጎደለውን ርዝመት ሲያበድረው ኖሯል። አሁን ሽቦ ለመቀጠል ጊዜ የለም፤ ሐዘኑ ሊጀመር ነው። ብርድ ልብሱን ከአልጋው ላይ ገፈፈ፣ ባልዲ ውሃ አንጠለጠለ፣ ደረጃውን ወጣ።

ጣሪያው ላይ የኮሚቴው ሊቀመንበር ቆሞ ጠበቀው። ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ፊሽካው ዛሬም ከአንገቱ አልወረደችም።

"ጋሼ፣ ይሄ ብርድ ልብስ እኮ ደረቅ ነው።"

"አውቃለሁ።" ዘረጋና ውሃውን ደፋበት።

"ታዲያ ለምን ያርሱታል?"

"እንዲደርቅ።"

"ደርቆ ነበራ!"

"ደህና አድርጎ አልደረቀም ነበር" አለና ቁልቁል ሮጠ። ሊቀመንበሩ ፊሽካውን እየነፋ ተከተለው።

ራዲዮው ላይ ደሴቱ ድምፁን ሰብሮ ይናገራል፦ "እጁ የማይስት ሰው ነበር። ሽቦ ሲቆርጥ የጣት ስፋት እንኳ አያዛንፍም። ነፍስ ይማር።"

ሰዓት ሠሪው መርፌውን አየ። ተኝቷል። ማይክሮፎኑን ጨበጠ።

"አለሁ! ነፍሴን ተዉልኝ፣ ገና እፈልጋታለሁ!"

ሞገዱ ላይ ከየአቅጣጫው ጩኸት ሆነ።

"አንተ ሌባ! አልቅሼልሃለሁ እኮ!" አለ ደሴቱ።

"አስቀምጥልኝ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል።"

"ድምፅህ ደግሞ እንዴት ጠርቷል! ለመሆኑ ምን ዓይነት አንቴና ነው የዘረጋኸው?" የራዲዮ ሰው ከመቃብር የተነሳ ወዳጁን ቢያገኝ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሰዓት ሠሪው ዞር ሲል ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ያለከልካል። ከጎኑ ሚስቱ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች።

"ጋሼ፣ ለኮሚቴው ማብራሪያ ይስጡ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ለብሰን ልናድር ነው ብርድ ልብሴን የነከርከው?"

"ኧረ አንቴናውን ንገረን!" አለ ራዲዮው።

ሰዓት ሠሪው ከአስር የምትጀምረውን ሜትር አየ። ከዚያ ባሕር ማዶም ሆነ በር ላይ ያሉት እኩል እንዲሰሙት ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

"አልናገርም።"