አራተኛው አውታር

፩

«ሁለተኛውን ሞገድ ዝጊውና ስሚ» አላት ዮፍታሔ።

ትርሲት ዘጋችው። ከድምፅ ማጉያው ቀጭን ፉጨት ብቻ ወጣ።

«ምን ይመስላል?»

«ምንም።»

«ልክ ነሽ። አንድ ሞገድ ብቻውን ምንም አይመስልም። አሁን ክፈቺው።»

ከፈተችው። ፉጨቱ ሻከረ፤ ጥርስ አወጣ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ሳይቀር የነዘረ መሰላት።

፪

አቀናባሪው ዮፍታሔ ሳሪስ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው፣ ኮምፒውተር ላይ ያስተማራት ይህን ነው። አንባቢም ይማረው፤ በኋላ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሞገድ ይሰማል።

ሁለተኛው አይሰማም። ሥራው የመጀመሪያውን መነቅነቅ ነው።

ቀስ ብሎ ሲነቀንቀው ድምፁ ይርገበገባል። በጣም ሲፈጥን ግን መርገብገቡ ይጠፋና ሌላ ድምፅ ይወለዳል። ደወል ሊሆን ይችላል፤ ዋሽንትም። ንቅናቄው ሲበረታ ደግሞ ይሻክራል።

ሻካራ ሲላት ትርሲት ያሰበችው አንድ ነገር ነው።

በገና።

፫

አባቷ በገና ይደረድሩ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ከግድግዳ ያወርዱታል፤ ፋሲካ ሲደርስ መልሰው ይሰቅሉታል። ለዘፈን ነክተውት አያውቁም። ሲያርፉ፣ ከአርባቸው በኋላ፣ በገናው ለደብሩ ተሰጠ። ቤት የቀረው ሚስማሩ ነው።

ትርሲት ክረምቱን ሙሉ የበገናውን ድምፅ ከሁለት ሞገድ ስትሠራ ከረመች። የበገና አውታር የሚነዝረው ከሥሩ በምትገባ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ እንዝራ ይሏታል። ሁለተኛውን ሞገድ እንዝራ አደረገችው።

እናቷ ወይዘሮ ስንዱ በስልኳ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ የሰው በገና ነው። የአባትሽ አራተኛው አውታር አይነዝርም ነበር። ቆዳው አልቆበት፣ ነገ እቀይረዋለሁ እንዳለ ሄደ።»

ትርሲት ላፕቶፗን ይዛ ስቱዲዮ ተመለሰች። አራተኛው ላይ ሁለተኛውን ሞገድ ዘጋችው።

እናቷ እንደገና ሰሙ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«እሱ ነው» አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጭፈራ ቤት እንዳይገባ።»

«እሺ እማዬ።»

፬




፭

ዮፍታሔ፦ ያቺን በገና ላኪልኝ እስቲ። መዝሙር ይዣለሁ።

ትርሲት፦ ለመዝሙር ብቻ?

ዮፍታሔ፦ አንቺ ደግሞ!

ትርሲት፦ ማልልኝ።

ዮፍታሔ፦ በማርያም።

ላከችለት።

፮

ታክሲ ውስጥ ነበረች። ሬዲዮው ላይ አንድ ጎረምሳ «ቅጂልኝ፣ ድገሚልኝ» እያለ ይዘፍናል። ከሥሩ ከበሮ። ከከበሮው ሥር

ነዘረ።

ነዘረ።

አራተኛው ዝም አለ።

«ሹፌር፣ ነፍስ ነው! ጨምርልን እንጂ» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ሹፌሩ ጨመረላት፤ ትከሻውንም ሰበቀላት።

ትርሲት መውረጃዋን አለፈች።

፯

ትርሲት፦ በማርያም ብለህ ነበር።

ዮፍታሔ፦ መዝሙሩ ቀረ፣ ዘፈን መጣ። ምን ላድርግ?

ትርሲት፦ የአባቴ በገና ነው።

ዮፍታሔ፦ የአባትሽ በገና ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል። ይሄ ሁለት ሞገድ ነው። ሞገድ ደግሞ የማን ነው፣ ትርሲትዬ?

ትርሲት፦

(እዚህ ላይ ተራኪው አንድ ብልህ መልስ ሊያውሳት ፈልጎ ነበር። በዚያ ሰዓት ግን አልነበራትም፤ ስለዚህ አልተጻፈም።)

ዮፍታሔ፦ ደግሞ አንዷ ድምፅ ድዳ ናት። ልጠግናት ስንቴ ለፋሁ መሰለሽ!

ትርሲት፦ አልተበላሸችም።

፰

ቅዳሜ ጎረቤት ሠርግ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ከሚስማሩ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከድንኳኑ ያ ዘፈን ተነሣ፤ እልልታው ተከተለ።

የእናቷ ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ። ጠበቁ። አራተኛው አውታር ዝም ብሎ አለፈ።

«ትርሲት።»

«አቤት እማዬ።»

«አባትሽን ነው የሚጨፍሩበት?»

ድንኳኑ ውስጥ እግር መሬት ይመታል።

«ማን ሰጣቸው?»

፱

ምላሷ ላይ ሁለት መልስ አለ። አንዱ «ዮፍታሔ» ነው። ሌላው «እኔ»። ሁለቱም እውነት ናቸው።

አንዱ ይሰማል።

ሌላው ይነቀንቀዋል።

፲

«ማን ሰጣቸው፣ ልጄ?»

ትርሲት፦